በክንፉ ስር የተንጠለጠለው

የአክስቴ ልጅ ከስቶክሆልም ሊመጣ ሲል ምን ላምጣልህ ብሎ ደወለልኝ። ጫማ ምናምን እንደምል ጠብቆ ነበር። እኔ ያዘዝኩት ግን አንድ ሳጥን ፕላስቲክ ነው። ኤምኤፍአይ-9 የምትባል ትንሽዬ የስዊድን አውሮፕላን፣ በ48 እጥፍ አንሳ፣ ቁርጥራጯ ተለቅሞ የሚገጣጠም ሞዴል። የእውነተኛዋ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነው። ለ48 ስታካፍሉት 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ስልክ ቁመት በሉት።

የዚህ ሱስ ከባዱ ነገር ማጣበቁ አይደለም፣ ማጣራቱ ነው። አንዲት አሮጌ አውሮፕላን በዕድሜዋ ቀለሟም ምልክቷም ደጋግሞ ይቀየራል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቀን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ በዚያች ቀን ምን ቀለም እንደነበረች፣ ምን እንደተጻፈባት፣ በክንፏ ስር ምን እንደተንጠለጠለ ትፈልጋላችሁ። እኔ የመረጥኩት ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም.ን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ቀን ከአብራሪዎቹ አንዱ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮሰን ነበር። ስሙን የማውቀው ከአየር ኃይላችን ታሪክ ጋር ብቻ ነበር። በሦስት ሳምንት እጨርሳለሁ ያልኩት ሥራ ሰባት ወር ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም ሰውየው ያበረራቸውን ሌሎች አውሮፕላኖች መከተል ጀመርኩ።

የተወለደው ነሐሴ 1901 ስዊድን ውስጥ፣ ከመኳንንት ቤት ነው። አባቱ ኤሪክ ቮን ሮሰን አገር አሳሽ ነበር። በ1910 ፊንላንድ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ አባትየው ለአንደኛው ወገን አውሮፕላን ሰጠ፤ የፊንላንድ አየር ኃይልም ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያች አውሮፕላን ነው። ክንፏ ላይ ግን ኤሪክ የዕድል ምልክቴ ነው የሚለው ሰማያዊ ስዋስቲካ ተስሎ ነበር። ገና ናዚዎች የሚባል ነገር ሳይመጣ ማለት ነው። ፊንላንዶች ምልክቱን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ድረስ አውሮፕላኖቻቸው ላይ አቆዩት። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የልጁ የካርል ጉስታፍ አክስት በኋላ ያገባችው ሄርማን ጎሪንግን መሆኑ ነው። አዎ፣ የሂትለሩን ጎሪንግ።

ልጁ ግን መካኒክ ሆነ፣ ከዚያ አብራሪ፣ በአየር ትርኢትም እየተገለባበጠ እንጀራውን በላ። ጣሊያን በ1928 አገራችንን ሲወር ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር መጣ። መጀመሪያ ሁለት ክንፍ የተደራረበባት ትንሽ ሄንክል፣ በኋላ ደግሞ ፎከር እያበረረ መድኃኒትና ቁስለኛ አመላለሰ። ያኔ ቀይ መስቀል መሆን ከቦምብ አያድንም ነበር፤ የስዊድን የሕክምና ቡድን ራሱ ታኅሣሥ ላይ መልካ ዲዳ ተደብድቧል። ፎከሯም መጋቢት ላይ ኮረም መሬት ላይ እንደቆመች በጣሊያን አውሮፕላኖች ወደመች።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ብዙ ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙበት ፊልም ቀይ ቀለምን አያይም ነበር። ቀይ ነገር በፎቶው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ደግሞ ይነጣል። ስለዚህ አሮጌ ፎቶ ላይ ጥቁር መስቀል ካያችሁ ቸኩላችሁ የጀርመን ነው አትበሉ። እኔ በዚህ ተሸውጄ አንድ ሌላ ሞዴል ሙሉ በሙሉ አበላሽቻለሁ።

ከኮረም በኋላ ለሆላንዱ ኬኤልኤም ተቀጠረ፤ የተደላደለ ኑሮ ነበር። በ1932 ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ ግን ጥሎት ሄደ። ሁለት የኮልሆቨን አውሮፕላኖችና አንድ ዲሲ-2 ገዝቶ ለፊንላንድ ሰጠ። ዲሲ-2 እኮ የመንገደኛ አውሮፕላን ነች! ቦምብ ማንጠልጠያና መትረየስ ተገጠመላትና ራሱ ይዟት ሄዶ የሶቪየት ይዞታ ደበደበ። በክንፏ ላይ ያ የአባቱ ሰማያዊ ምልክት ነበር። ያቺ አውሮፕላን ከጦርነቱ በኋላ ጡረታ ወጥታ አንድ የፊንላንድ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ካፌ ሆና አገልግላለች፤ አሁን ሙዚየም ገብታለች። የሞዴል አምራቾች ስዋስቲካ ያለበትን ስቲከር ብዙ ጊዜ ወይ ያስቀሩታል ወይ ለሁለት ከፍለው ያትሙታል፣ ገጣጥሞ መለጠፉ የእናንተ ውሳኔ ይሆናል። እኔ እለጥፈው ነበር። ካልለጠፍኩት የሰውየውን ታሪክ አሳምሬ ማቅረቤ ነው፣ እሱ ደግሞ አልተመቸኝም።

ጀርመን ሆላንድን ስትይዝ እንግሊዝ ሄዶ አየር ኃይሏን ልቀላቀል ቢል በጎሪንግ ዝምድና የተነሳ አልተቀበሉትም።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ እኛ ተመለሰ። ግንቦት 1939 ላይ ሳብ ሳፊር የምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነስቶ፣ የትም ሳያርፍ፣ 6,220 ኪሎ ሜትር በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። የአክስቴ ልጅ አንድ አየር ማረፊያ ላይ አራት ሰዓት ጠበቅኩ ብሎ ሲያማርር ይህንን ነው የነገርኩት። ቢሾፍቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል እንደገና ሲደራጅ ቮን ሮሰን ዋናው ሰው ነበር። አሠልጣኞቹ ስዊድናውያን፣ መለማመጃዎቹ ሳፊር፣ ቦምብ ጣዮቹ ሳብ ቢ-17 ሆኑ፤ ከ40 በላይ ቢ-17 መጥቷል። በረራ ያስተማራቸው ወጣቶች ያኔ ከእኔ ያነሱ ነበሩ። እስከ 1948 ቆይቶ ሄደ።

አሁን ወደ ሳጥኔ።

ነሐሴ 1960 ላይ ቮን ሮሰን ምግብ የጫነ ትልቅ አውሮፕላን ከዛፍ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ እያበረረ ቢያፍራ ገባ። ከናይጄሪያ ልገነጠል ብላ የተከበበች፣ ሕፃናት በረሃብ የሚያልቁባት ምድር ነበረች። ዋናዋ ማረፊያ ኡሊ ደግሞ ተለጥጦ የተሰፋ የመኪና መንገድ ነው። እርዳታው በአብዛኛው በሌሊት ይገባል፣ የናይጄሪያ አውሮፕላኖች ያሳድዱታል። ያየው ነገር ሲያንገበግበው ከረመና በሚቀጥለው ዓመት አምስት ኤምኤፍአይ-9 ይዞ ተመለሰ። ባለ 100 ፈረስ ጉልበት የመዝናኛ አውሮፕላኖች! ጋቦን ላይ ዥጉርጉር አረንጓዴ ተቀቡ፣ በእያንዳንዱ ክንፍ ስር ስድስት ስድስት ሮኬት ተገጠመ። ግንቦት 14 ቀን ፖርት ሃርኮርት የአየር ማረፊያ ላይ ወረዱበት፤ ከዚያም በሌሎች ከተሞች ደገሙት።

የተቀቡት በመኪና ቀለም ስለሆነ እኔም የመኪና ቀለም ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ባለሱቁ የየትኛው መኪና ነው አለኝ። የአውሮፕላን ነው ስለው ለሁለት ደቂቃ ያህል አላናገረኝም።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ግን ሮኬቶቹ ላይ እጄ ቆመ። እኔ የቀይ መስቀሉን ሰውዬ ነው የወደድኩት። በእኔ ዕድሜ ያለ የፖርት ሃርኮርት ልጅ ይህችን ሞዴል መደርደሪያዬ ላይ ቢያያት ምን እንደሚለኝ አሰብኩ። ምግብ የሚያቀብል ሰው ምግቡ እንዲገባ ብሎ ሲተኩስ፣ ሒሳቡ በየትኛው ዓምድ ይገባል? አራት ዓመት ሙሉ ወጪና ገቢ ስማር ይህንን ያስተማረኝ የለም።

መውጫ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የእኛ ድርቅ ሲመጣ ቮን ሮሰን ያንኑ ዘዴ ገልብጦ ተጠቀመበት፤ ሮኬት በነበረበት በክንፍ ስር የእህል ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ መኪና ለማይደርስበት ሰው ያለ ጃንጥላ መጣል። እና እኔም ሮኬቱን ትቼ ከረጢት ልስራላት አልኩ። ከጨርቅ ቆርጬ ሁለት ሰፋሁ። ከዚያ ፎቶዎቹን ሳይ ጭራው አልመሳሰል አለኝ። እህል የጣለችው ኤምኤፍአይ-15 ነች፤ ያው ንድፍ አውጪ የሠራት ሌላ አውሮፕላን። የእሷ የጭራ አግድም ክንፍ ከላይ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የላቲኑን ቲ ይመስላል፣ የእኔዋ ግን ከታች ነው። የእኔዋ አውሮፕላን ያነገተችው ሮኬት ነው፣ በቃ።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 የሶማሊያ ጦር ጎዴን ሲያጠቃ ቮን ሮሰን እዚያው ነበር፤ ለረሃብተኛ ምግብ የማድረስ ሥራ ላይ። እየበረረ አይደለም የሞተው፣ መሬት ላይ ነው። 67 ዓመቱ ነበር።

ከረጢቶቹን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ የአክስቴ ልጅ ኤምኤፍአይ-15 እየፈለገልኝ ነው። ሮኬቶቹን በመርፌ ጫፍ ማስቲሽ እየነካሁ መለጠፍ ጀምሬያለሁ። አሥራ አንዱ ቦታቸውን ይዘዋል። አሥራ ሁለተኛዋ ትናንት ማታ ከወረንጦው አምልጣ ምንጣፉ ላይ ወደቀች፣ ይህንን የምጽፈው እሷን ስፈልግ መብራት ስለጠፋብኝ ነው።