ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት

ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት እ.ኤ.አ. በ1849 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ተወለደች። አባቷ ነጋዴ ነበር፤ ነገር ግን በ1853 ስለ ሞተ፣ አምስት ልጆች የማሳደጉንም ሱቁን የማስተዳደሩንም ኃላፊነት እናቷ ብቻዋን ተሸከመች። ማንቸስተር በጥጥ ፋብሪካ የምትተዳደር ከተማ ነበረች። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ ጥጡ በቀረ ጊዜ ፋብሪካዎቹ ሥራ ፈቱ፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። በዚህ ምክንያት እናቲቱ ሱቋን ሸጣ በ1865 ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ወደሚኖርበት ወደ ቴኔሲ ተሻገረች። በዚያም የጠበቃቸው ድህነት ነበር።

ፍራንሲስ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተረት መፍጠር ትወድ ነበር። የጻፈችውን ወደ መጽሔት ለመላክ ግን ለወረቀትና ለቴምብር የሚሆን ገንዘብ አልነበራትም። ገንዘቡ የተገኘው ከጫካ ተለቅሞ ከተሸጠ የዱር ወይን ነው። በ1868፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ድርሰቷ ታተመላት፤ ከዚያም ወዲህ ብዕሯ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ሆነ። በ1873 አግብታ ሊዮኔልና ቪቪያን የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች። በ1886 የታተመው «ትንሹ ሎርድ ፎንትለሮይ» ዝናዋን በአውሮፓና በአሜሪካ አስፋፋው።

ዝናው ግን ከኀዘን አላዳናትም። ሊዮኔል የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በዚያን ዘመን ለበሽታው ፍቱን መድኃኒት አልተገኘለትም ነበር። እናቱ ከሐኪም ወደ ሐኪም፣ ከአገር ወደ አገር ይዛው ተንከራተተች፤ እንደማይድንም ካወቀች በኋላ ልጁ ተስፋ እንዳይቆርጥ በማሰብ ነገሩን ሸሸገችው፤ በአጠገቡም ሳትለይ ስታጫውተው ሰነበተች። በታኅሣሥ ወር 1890 በፓሪስ ከተማ በ16 ዓመቱ ዐረፈ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በ1898 በእንግሊዝ፣ በኬንት አውራጃ፣ ሜይታም የተባለ ሰፊ ቤት ተከራየች። በግቢው ውስጥ በግንብ የታጠረ፣ አረም የወረሰው አሮጌ የአትክልት ሥፍራ ነበር። አስመንጥራ ጽጌረዳ አስተከለችበት፤ ከዚያም ተቀምጣ ትጽፍበት ጀመር። በ1911 የታተመው «ምስጢራዊው የአትክልት ሥፍራ» መነሻው ይህ ቦታ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኮሊን የሚባል የዐሥር ዓመት ልጅ አለ። እጎብጣለሁ፣ ሳላድግም እሞታለሁ ብሎ ስለሚያምን ከአልጋው አይወርድም። ወላጆቿ በሕንድ በኮሌራ ያለቁባት ሜሪ የተቆለፈውን የአትክልት ሥፍራ አግኝታ ወደዚያ ትወስደዋለች። ኮሊን በየቀኑ እድናለሁ እያለ ያስባል፤ ነገር ግን በማሰብ ብቻ አይቀርም፤ ይቆፍራል፣ ይተክላል፣ እግሩን ያለማምዳል፤ በመጨረሻም በአባቱ ፊት ይሮጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ ኮሊንን አልጋ ላይ የጣለው ፍርሃት ሲሆን ሊዮኔልን የገደለው ግን እውነተኛ በሽታ ነው።

ፍራንሲስ በጥቅምት ወር 1924 በኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ ዐረፈች። በሞተችበት ጊዜ ስሟ ይበልጥ የሚነሣው በ«ትንሹ ሎርድ ፎንትለሮይ» ነበር፤ የአትክልቱ ታሪክ ከሁሉ በላይ የተወደደው ቆይቶ ነው። ቪቪያን ከጎኗ ተቀብሯል። በእግራቸው ሥር በእውነተኛ ቁመቱ ልክ የተሠራው የሊዮኔል ሐውልት ቆሟል።