ዒዛና፦ በወርቅና በድንጋይ

የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና የነገሠው እ.ኤ.አ. በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። አባቱ ሲሞት ገና ልጅ ስለ ነበር፣ እንደሚተረከው እናቱ መንግሥቱን ጠበቀችለት፤ ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስም አገዛት። ይኸው ሰው ኋላ የአክሱም ጳጳስ ሆነ።

ዒዛና የወርቅ ገንዘብ አሠርቷል። መጀመሪያ ከምስሉ በላይ ጨረቃና ክብ ነበር፤ ክርስትናን ሲቀበል ቦታውን መስቀል ያዘ። ክብደቱም ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ፤ ይህም የሮማው ቆስጠንጢኖስ ላወጣው 4.5 ግራም ወርቅ ሲሶ ግድም መሆኑ ነው። ጽሕፈቱ ለባሕር ነጋዴ እንዲገባ በግሪክኛ ነው። በሮማው ወርቅ ጀርባ ብዙ ጊዜ ክንፍ ያላት የድል ምስል ትታያለች። በዒዛና ወርቅ ላይ ግን በሁለቱም ፊት ያለው ራሱ ነው፤ በአንዱ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ሻሽ አስሮ፣ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ይዞት። ሚዛኑን ከሮማ አስማማ፤ መልኩን ግን አላስነካም።

ድንጋዩስ ምን ይላል? ተከዜን ተሻግሮ ኖባን እንደ ወጋ፣ ከተማ እንዳቃጠለ፣ እህልና ጥጥ እንዳጠፋ ይናገራል። በመተማ በኩል የሚወርደው ጓንግ ሱዳን ገብቶ አትባራ ሲባል ተከዜ ይቀላቀለዋል። ታዲያ ነገሩ ለቆላው ሩቅ አይደለም እኮ!

ከመካከላችን መተማ ወርዶ የሚያስተምር ወርቁንም ድንጋዩንም ያንሣ። ሁለቱም የንጉሡ ቃል ናቸው፤ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ቃል የለበትም። ይህን ለልጆቹ ሳንነግር ታሪክ አስተማርን አንበል።