የተበላ የማይሞትበትን ዳማ የፈጠረው ሻምፒዮን

ሰፈር ጥግ ቁጭ ብሎ በቆርኪ ዳማ የተጫወተ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል። የተበላ ቆርኪ ከሰሌዳው ይወጣል፣ በቃ አለቀለት። ኢማኑኤል ላስከር ግን በዚህ ሕግ አልተስማማም። የዓለም የቼስ ሻምፒዮን ሳለ፣ እ.ኤ.አ በ1911 የተበላ የማይሞትበት ዳማ ፈጠረ። ስሙንም ከራሱ ስም ወስዶ ላስካ አለው።

ላስከር የተወለደው በ1868 በያኔዋ ፕሩሺያ፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። በ11 ዓመቱ ትምህርት እንዲማር በርሊን ወደሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ተላከ። ወንድሙ ደግሞ ቼስ አስተማረው። ልጁ ኪሱ ሲጎድል ቡና ቤት እየገባ በገንዘብ ይጫወት ጀመር። በ1894 ገና በ25 ዓመቱ ሻምፒዮኑን ዊልሄልም ስታይኒትዝን ገጠመ። በዕድሜ ከእጥፍ በላይ የሚበልጠውን ሰው 10 ጨዋታ አሸንፎ በ5 ተሸንፎ ዘውዱን ወሰደ። በመልሱ ግጥሚያ ደግሞ 10 ለ2 ረታው።

ስታይኒትዝ በ1900 በድህነት ሞተ። ላስከር ይህን አይቶ ትምህርት ወሰደ። ከዚያ በኋላ ዘውዱን ለማስደፈር ዳጎስ ያለ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። ገንዘብ ወዳድ ነው ተብሎ ታማ፤ እሱ ግን ፍንክች አላለም። በጎን ሒሳብ ተምሮ ዶክተር ሆነ፤ በ1905 ያሳተመው ግኝቱ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

ወደ ላስካ እንመለስ። ሰሌዳው 7 በ7 ሲሆን ጨዋታው የሚካሄደው ተመሳሳይ ቀለም ባላቸው 25 ቤቶች ላይ ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን ልክ እንደ ኳስ ቡድን 11፣ 11 ሆነው ይሰለፋሉ። የመሀሉ መስመር ባዶ ነው። ጠጠር በሰያፍ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳል፤ ከፊቱ ያለውን ተቃራኒ ዘሎ ይበላል። መብላት ደግሞ ግዴታ ነው። እስከዚህ ድረስ ያው ዳማ ነው።

ጉዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የተበላው ጠጠር አይወጣም፤ ከበላው ስር ገብቶ ምርኮኛ ይሆናል። ቁልሉን የሚያዘው አናቱ ላይ ያለው ነው። ያ ቁልል በተራው ሲዘለል የሚወሰደው አናቱ ብቻ ነው። ከስር የነበረው ምርኮኛ ብቅ ይልና የድሮ ማሊያውን ለብሶ ለቀድሞ ቡድኑ ይጫወታል። የተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር የደረሰ ጠጠር መኮንን ሆኖ ወደኋላም ይሄዳል። መንቀሳቀሻ ያጣ ተሸናፊ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ መብላት አያዋጣም። ብዙ ምርኮኛ ተሸክሞ አናቱ ላይ አንድ ጠጠር ብቻ ያለው ቁልል፣ ሁሉም ወደፊት ሄዶ አንድ ተከላካይ ብቻ የቀረውን ቡድን ይመስላል። በመልሶ ማጥቃት ይቀጣል።

የላስከርም ሕይወት እንደዚያው ሆነ። ያጠራቀመውን ገንዘብ የጀርመን የጦርነት ቦንድ ገዝቶበት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋር ከሰረ። ለ27 ዓመት ገደማ የያዘውን ዘውድ በ1921 ሃቫና ላይ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ለኩባዊው ካፓብላንካ አስረከበ። አለቀለት ተባለ። በ1924 ግን በ55 ዓመቱ የኒውዮርክን ውድድር ካፓብላንካንና አሌክሂንን አስከትሎ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊው ላስከር ከሚስቱ ከማርታ ጋር አገሩን ጥሎ ወጣ፤ ንብረቱም ተወረሰ። የዕለት ጉርሱን ለማግኘት በስተርጅና ወደ ቼስ ተመለሰ። በ1935 ሞስኮ ላይ፣ በ66 ዓመቱ፣ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ 3ኛ ወጣ። ካፓብላንካንም እዚያው ረታው። በ1937 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ጥር 1941 ኒውዮርክ ሆስፒታል ውስጥ በ72 ዓመቱ አረፈ። እንደ ስታይኒትዝ ላለመሞት ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ሰው፣ የታከመው በነፃ ሕሙማን ክፍል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የላስካ ሰሌዳዎች ዛሬ እንደ ልብ አይገኙም። ጨዋታው ግን የሚጠይቀው ካርቶን ላይ የተሰመሩ ቤቶችና በሁለት ቀለም የተለዩ 22 ቆርኪዎች ብቻ ነው። መኮንን የሆነውን ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ከሚበላው ውስጥ ግን አንድም ቆርኪ አይጣልም።