ኤዲት ክላርክ፦ ዲግሪ ይዛ መሐንዲስ ያልተባለችው



ኤሌክትሪካል የምናጠና ሁሉ ክላርክ ትራንስፎርሜሽን የሚባለውን እናውቀዋለን፤ ሦስቱን ፌዝ ወደ አልፋና ቤታ ቀይሮ ስሌቱን የሚያቀልልንን ማለታችን ነው። ክላርክ ሲባል ግን ወንድ ይመስለን ነበር። ማንነቱን ለመጠየቅ እንኳ አላሰብንም።

ኤዲት ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1883 በአሜሪካ ሜሪላንድ ተወለደች። በ12 ዓመቷ እናት አባቷን አጣች። የደረሳትን ውርስ ለትምህርት አውላው በ1908 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በሥነ ፈለክ ተመረቀች። ጥቂት ዓመታት አስተምራ ሲቪል ምሕንድስና ጀመረች፤ እሱን አቋርጣ ኤቲ ኤንድ ቲ በተባለው የስልክ ኩባንያ ኮምፒውተር ሆነች። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ማሽን ሳይሆን የመሐንዲሶችን ስሌት ቀኑን ሙሉ በእጁ የሚሠራ ሰው ነው። ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ።

በ1919 ከኤምአይቲ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከዚህ በኋላ ሥራ ፈልጎ ያገኛታል ብለን ነበር የጠበቅነው። በመሐንዲስነት የሚቀጥራት ግን ጠፋ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የወሰዳት ስሌት የሚሠሩትን ሴቶች እንድትቆጣጠር ነው፤ ደመወዟም ማዕረጓም ከመሐንዲሶቹ በታች ነበር። እኛም ስለ እኩል ዕድል ስናወራ በየዲፓርትመንቱ ስንት ሴት ገባች ብለን እንቆጥራለን፤ ተመርቃ ምን ሥራ ተሰጣት ብለን ግን ብዙም አንጠይቅም።

እሷ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የረጅም ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮችን ስሌት የሚያፋጥን መሣሪያ ሠርታ በ1921 የፈጠራ መብት አመለከተች፤ በ1925 ተፈቀደላት። በዚያው በ1921 ከኩባንያው ወጥታ ኢስታንቡል ሄደች፤ በቁስጥንጥንያ የሴቶች ኮሌጅ ፊዚክስ አስተማረች። የኦቶማኑ ሱልጣን ገና በከተማይቱ የነበረበት ጊዜ ነው። በ1922 ስትመለስ ያው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በመሐንዲስነት ቀጠራት። ዲግሪዋ ያው የሦስት ዓመቱ ዲግሪ ነበር።

በ1926 በአሜሪካ የኤሌክትሪካል መሐንዲሶች ተቋም ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ጥናት ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1943 ስለ ኤሲ ፓወር ሲስተም የጻፈችው መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎች የተማሩበት ነው። በ1945 ጡረታ ወጣች። ግን ብዙም አላረፈች፤ በ1947፣ በ64 ዓመቷ፣ በኦስቲን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ማስተማር ጀመረች። በአገሯ በዚህ ትምህርት ፕሮፌሰር የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ነች። ለዓመታት አስተማረች፤ ሕይወቷ ያለፈው በ1959 ነው።