የጆሴፍ ብራማ የሕይወት ታሪክ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአውሮፓውያን ዘመናት ከእንግሊዝ አገር ፋብሪካዎች የወጡት ጃጓር፥ ኦስቲን ሂሊና ትራያምፍ የሚባሉት ፈጣን የስፖርት አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ፍሪሲዮናቸው የሚሠራው በፈሳሽ ግፊት ነው። ነጂው መርገጫውን ሲጫን ከላይ ያለው ፒስቶን ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ይገፋል፤ ዘይቱም በካምቢዮው አጠገብ ያለውን ሁለተኛ ፒስቶን ገፍቶ ፍሪሲዮኑን ያላቅቀዋል። በአንድ ዕቃ የተዘጋ ፈሳሽ የተቀበለውን ግፊት ወደ ሁሉም ወገን እኩል እንደሚያደርስ ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስካል አስቀድሞ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉም ከሞተ በኋላ በ1663 ታትሟል። ነገር ግን ይህን ሐሳብ በብረት ሠርቶ ለሥራ ያበቃው ጆሴፍ ብራማ ነው።

ብራማ በሚያዝያ 13 ቀን 1748 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በዮርክሻየር ግዛት በባርንስሊ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ዕድሜው 16 ዓመት ሲሆን ቍርጭምጭሚቱ ላይ ጕዳት ደርሶበት ለእርሻ ሥራ የማይበቃ ስለ ሆነ ከአንድ አናጢ ዘንድ ገብቶ ሙያ ተማረ። ከዚያም ወደ ሎንዶን ሄዶ በየቤቱ በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃ ሲተክል የዕቃውን ጕድለት ተመለከተ፤ የራሱንም አሻሽሎ በ1778 የፈጠራ መብት ተቀበለ። በ1784 ደግሞ እጅግ የረቀቀ ቍልፍ ሠራ። በሱቁ መስኮት ላይ አንዱን ቍልፍ አቁሞ ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ቍልፉም ብራማ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1851 አንድ አሜሪካዊ ከ50 ሰዓት በላይ ደክሞ እስኪከፍተው ድረስ አልተበገረም።

ይህን ቍልፍ በብዛት ለመሥራት ትክክለኛ እጅ ያስፈልግ ስለ ነበረ ብራማ በ1789 ሄንሪ ማውድስሌይ የሚባለውን የ18 ዓመት ጐልማሳ ቀጠረ። የብራማ ዝና ያለዚህ ወጣት ምን ያህል ይደርስ እንደ ነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ1795 ብራማ የውሃ መጭመቂያ መሣሪያ ፈልስፎ የመንግሥት ፈቃድ አገኘ። በትንሹ ፒስቶን ላይ የወደቀው ጥቂት ኀይል በትልቁ ፒስቶን ላይ ስፋቱ በበለጠበት ልክ ይበዛል። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ መከራው በሥራው መጣ። ማሸጊያው ሲላላ ውሃው በፒስቶኑ ዙሪያ ይረጫል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ፒስቶኑ ተይዞ ወደ ቦታው አይመለስም። መፍትሔውን ያገኘው ማውድስሌይ እንደ ሆነ ብዙ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ፤ ይኸውም ጐድጓዳው ፊት ለውሃው የዞረ የቆዳ ቀለበት ነው። ውሃው ራሱ የቀለበቱን ከንፈር ከግድግዳው ጋራ ያጣብቀዋል፤ ግፊቱ በበረታ መጠን እሽጉ ይጠናል፤ ግፊቱ ሲቀር ከንፈሩ ላልቶ ፒስቶኑን ይለቀዋል።

መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት በፍሪሲዮኑ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ላስቲክ የዚያ የቆዳ ቀለበት ልጅ ነው። ሕመሙም ያው የጥንቱ ነው። መርገጫው ሲላላና ማርሹ እየጮኸ አልገባም ሲል ብዙ ሰው አየሩን አስወጥቶ ዘይት ይጨምራል፤ ጥቂት ቀን ቈይቶ ግን ነገሩ ይመለሳል። ምክንያቱም የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የሲሊንደሩ ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል፤ በሻካራው ግድግዳ ላይ የሚመላለስ አዲስ ጎሚኒ ደግሞ ወዲያው ይበላል። በስሕተት የሞተር ዘይት የተጨመረበትም እንደ ሆነ ላስቲኩ ያብጣል። ስለዚህ ግድግዳውን ሳይመረምሩ ጎሚኒ ብቻ መለወጥ ከንቱ ድካም ነው። የዛገው ሲሊንደር በአዲስ ይለወጣል ወይም በውስጡ የነሐስ እጅጌ ይገባበታል፤ ያረጀው ተጣጣፊ ቱቦም ይነሣል፤ የመርገጫው ፒን ተበልቶ እንደ ሆነ ይታያል፤ መላው ዘይት ታጥቦ ከወጣ በኋላ ብቻ አየሩ ይወጣል። ከመተማ ማዶ በገዳሪፍና በቁረይሻ በኩል ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ስለሚሆን ነጂው ማርሽ ሳያቋርጥ ይለዋውጣል፤ እንዲህ ባለው አገር የደከመ ጎሚኒ ቶሎ ይታወቃል።

ማውድስሌይ ሰባት ስምንት ዓመት ካገለገለ በኋላ በሳምንት ከሚቀበለው 30 ሺሊንግ ጭማሪ ቢለምን ብራማ እንቢ አለው፤ እርሱም ወጥቶ የራሱን ቤት ከፈተ። በዘመኑ ከነበሩት የብረት ሠራተኞች ሁሉ የላቀ ስም ያተረፈው ከዚያ በኋላ ነው። ብራማ ለጥቂት ሺሊንግ ብሎ እንዲህ ያለ ሰው ማጣቱ ከብልኅነቱ ጋራ የማይስማማ ሥራ ነበር።

ሆኖም ብራማ ሥራውን አልተወም። በ1797 ቢራ ከጓዳ የሚስብ ፖምፓ፥ በ1806 ደግሞ ለእንግሊዝ ባንክ የገንዘብ ወረቀት ቍጥር የሚያትም መኪና ሠራ። በ1814 በሃምፕሻየር በሆልት ደን መጭመቂያው ዛፎችን ከነሥራቸው ሲነቅል እየተቈጣጠረ ሳለ ብርድ መታው፤ ሕመሙም ወደ ሳንባው ወርዶ በታኅሣሥ 9 ቀን በ66 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ በሎንዶን በፓዲንግተን ነው።