አበበ ቢቂላ በሣሩ ላይና በወንበሩ ላይ

አበበ ቢቂላን ሁላችንም በባዶ እግሩ እናውቀዋለን። በ1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ ተወልዶ፣ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እየተመራ በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ሮም ላይ ያለ ጫማ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣውን፣ መሬት ላይ ተኝቶ የሠራውን ስፖርትና ኋላ በወንበር ላይ ያሳለፈውን ሕይወት እናነሣለን።

የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ በትርፍ አንጀት ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛውን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀደመው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እሱ ስታዲየሙ ሣር ላይ ተጋድሞ እግሩን እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ተመልካቹ ማመን አቃተው።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ የሚነዳው መኪና ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ አልተራመደም። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። እዚያ ስፖርት የሕክምናው አካል ነበር፤ ቀስት መወርወር ክንድን፣ ትከሻንና ጀርባን ያጠነክራልና። አበበም በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ጠዋት በመስቀል አደባባይ ስናልፍ ደረጃው ላይ ስፖርት የሚሠሩትን እያየን ይህ የወጣቶች ነው እንላለን። ልጅ ስናዝል፣ ዕቃ ስንሸከም፣ ልብስ ለማጠብ ስናጎነብስ የሚደግፈን ግን የሆድና የወገብ ጡንቻ ነው። ለእሱ አንድ ምንጣፍ ይበቃል። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ እግርን መሬት ላይ ተክሎ፣ መቀመጫን ቀስ ብሎ ማንሣት፤ ጥቂት ቆይቶ ማውረድ፤ ከዚያ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ። ትንፋሽ አይያዝ። ወገቧን የሚያማት፣ በቅርብ የወለደች ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገላት አስቀድማ ሐኪም ታማክር።

አበበ እግሩ ሲከዳው በክንዱ ጀመረ። እኛም ከምንችለው እንጀምር። በተሽከርካሪ ወንበር ያላችሁ እህቶቻችንም ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ስላለ ከመካከላችን አትቅሩ።