ልብሱን ባሕር ዳርቻ ላይ ትቶ የጠፋው ሚኒስትር

ጆን ስቶንሃውስ እ.ኤ.አ. በ1925 በእንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን ተወለደ። አፍሪካን ያውቃታል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኡጋንዳ ውስጥ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሠርቷል። በ1957 በሌበር ፓርቲ በኩል ፓርላማ ገባ። በ1959 ደግሞ ሮዴዥያ ሄዶ ጥቁሮች ለመብታቸው እንዲቆሙ ስለተናገረ የነጮቹ መንግሥት ከአገር አባረረው። በኋላ የፖስታ ሚኒስትር ሆነ።

ፓርቲው ሥልጣን ከለቀቀ በኋላ ግን የከፈታቸው ድርጅቶች ዕዳ ውስጥ ገቡ፤ ሒሳባቸውም ይመረመር ጀመር። ያኔ ሰውዬው ለመጥፋት ተዘጋጀ። እሱ ከሚወክለው ሕዝብ መካከል የሞቱ ሁለት ሰዎችን አገኘ፤ ባል የሞተባቸውን ሴቶች ቤታቸው ድረስ ሄዶ አነጋገረ፤ ከዚያ በሟች ስም ፓስፖርት አወጣ።

ኖቬምበር 20 ቀን 1974 ማያሚ ባሕር ዳርቻ ላይ ልብሱን ትቶ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሰምጦ ሞተ ብሎ አሰበ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ሲያለቅሱ እሱ አውስትራሊያ ገብቶ ነበር። እዚያ በሁለት ስም ገንዘብ ከባንክ ባንክ ሲያዘዋውር አንድ የባንክ ሠራተኛ ጠረጠረውና ለፖሊስ ነገረ። የሚገርመው፣ ፖሊሶቹ መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሏቸው ነበር፤ በዚያው ወር በግድያ ተጠርጥሮ የጠፋውን ሎርድ ሉካንን። ስለዚህ እግሩ ላይ ጠባሳ እንዳለ ፈተሹ። በፈረንጆች ገና ዋዜማ ሜልቦርን ላይ ተያዘ።

ከተያዘ በኋላ ስዊድንንና ሞሪሺየስን ጥገኝነት ጠየቀ፤ አልተሳካለትም። በ1975 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1976 በስርቆትና በማጭበርበር 7 ዓመት ተፈረደበት። ልብ ሕመም ስለጠናበት በ1979 ተፈታ፤ በ1988 በ62 ዓመቱ በእውነት ሞተ።

ወገኖቼ፣ ይሄንን ታሪክ የመረጥኩት ጥገኝነት የሚለው ቃል ስላለበት ነው። እኛ ካምፕ ውስጥ ያለን ሰዎች ቃሉን በደንብ እናውቀዋለን። ስቶንሃውስ በ1959 ለሰው መብት ተናግሮ ሲባረር የተባረረው በራሱ ስም ነበር፤ የሚያሳፍረው ነገር አልነበረም። በ1974 ግን ያሳደደው የለም፤ የሸሸው ከገዛ ሥራው ነው። ጥገኝነት በግፍ ለተሳደደ ሰው የተከፈተ በር ነው። ከፍርድ የሚያመልጥ ሰው በሐሰት ወረቀት ሊገባበት ሲሞክር፣ ከኋላው እውነተኛ ስሙን ይዞ የተሰለፈው ሰው በጥርጣሬ ይታያል።